ሳቅና ሰቆቃ በአንድ ፊልም፦ የታሪክ መከራን በቀልድ መተረክ ክብርን ይነካል?

በአውሮፓውያኑ መጋቢት 1999 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ቤኒኚ የአገሩ ልጅ ሶፊያ ሎረን ስሙን ስትጠራ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። በወንበሮች መደገፊያ ላይ እየተረማመደ፣ እጆቹን እያወናጨፈ ወደ መድረኩ አመራ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። የተሸለመው ፊልም ግን አንድ አይሁዳዊ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ወደ ናዚ ማጎሪያ ካምፕ ስለተወሰደበት ጊዜ የሚተርክ ነበር።

«ላ ቪታ ኤ ቤላ»፣ በአማርኛ «ሕይወት ውብ ናት»፣ የዚያን ምሽት ሦስት ኦስካሮችን ወሰደ፤ የውጭ ቋንቋ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ መሪ ተዋናይና ምርጥ ሙዚቃ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ሁለተኛውን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ወቅት ደግሞ ፊልሙን የሚያወግዙ ጽሑፎች በአሜሪካና በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ይወጡ ነበር። ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ያለቁበትን ወንጀል የአስቂኝ ተረት መቼት ማድረግ ነውር ነው የሚሉ ነበሩ። ከማጎሪያ ካምፕ ከተረፉት ሰዎች መካከል ፊልሙን የደገፉት እንደነበሩ ሁሉ እስከ መጨረሻው ለማየት አቅም ያጡም ነበሩ።

ክርክሩ በቤኒኚ አልተጀመረም፤ በእርሱም አላበቃም። የጦርነትን፣ የዘር ማጥፋትንና የአምባገነኖችን ታሪክ ከቀልድ ጋር የቀላቀሉ ፊልሞች ከሰማንያ ዓመታት በላይ ሲወደሱ፣ ሲታገዱና ሲወገዙ ኖረዋል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ከአፍሪካ ቀንድና ከምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ ጋር ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ የተሳሰሩ ናቸው።

የቻፕሊን ናፓሎኒና የተያዘችው ኢትዮጵያ

ቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ግሬት ዲክታተር» የተሰኘውን ፊልሙን ኒው ዮርክ ውስጥ ለተመልካች ያቀረበው በጥቅምት 1940 ነው። በፊልሙ ውስጥ ቻፕሊን ሁለት ሰዎችን ሆኖ ይጫወታል፤ አንዱ ድሃ አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ፣ ሌላው ሂትለርን የሚመስለው አምባገነን ሂንከል ነው። ፊልሙን በራሱ ገንዘብ ነው የሠራው። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም ነበር፤ በሆሊውድም የጀርመንን መንግሥት ማስቀየም ብዙዎች የማይደፍሩት ነገር ነበር።

በፊልሙ መካከል ሌላ አምባገነን ይመጣል። ስሙ ናፓሎኒ፣ አገሩም «ባክቴሪያ» ይባላል። አገጩን ወደ ላይ ቀና የሚያደርገው፣ ደረቱን የሚነፋውና ድምፁ አዳራሽ የሚሞላው ይህ ሰው ማን እንደሆነ ለመረዳት ማንም አይቸገርም፤ ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነው። ሁለቱ አምባገነኖች በፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ማን ከማን ከፍ እንደሚል ሲፎካከሩ ወንበሮቻቸውን ወደ ጣሪያ ያስወነጭፋሉ፤ በምግብ ጠረጴዛ ዙሪያም እንደ ሕፃናት ይጣላሉ። ናፓሎኒን የተጫወተው ጃክ ኦኪ ለኦስካር ታጭቷል።

ፊልሙ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲታይ አዲስ አበባ አሁንም በእውነተኛው ሙሶሊኒ ጦር እጅ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዟ የስደት ከተማቸው ከባዝ ወጥተው ካርቱም ላይ ወደ አገራቸው የሚገቡበትን ቀን ይጠባበቁ ነበር። አርበኞች በየጫካው ነበሩ። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር አልፎታል። በኒው ዮርክ ሲኒማ ቤት የተሳቀበት ሰው የመርዝ ጋዝ እንዲረጭ የፈቀደው ሰው ነበር። ይሁንና በዚያን ጊዜ ከዲፕሎማቶች ንግግር ይልቅ ሙሶሊኒን ከነሙሉ ትምክህቱ ያዋረደው ምናልባት ይህ ፊልም ሳይሆን አይቀርም። ጣሊያን ውስጥ ሊታይ የቻለው ፋሺዝም ከወደቀ በኋላ ነው።

ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የናዚ ማጎሪያ ካምፖችን ትክክለኛ ገጽታ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። ይህ ቃሉ ዛሬም የክርክሩ ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ነው። አንደኛው ወገን፣ የቀልድ ንጉሥ ራሱ ድንበር እንዳለ አምኗል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ባለማወቁ እንኳን ደስ ያለን፤ ቢያውቅ ኖሮ ዓለም ያን ፊልም ባላገኘችም ነበር ይላል።

ፋሺስቶች ራሳቸው ስለ ስላቅ የነበራቸው ግምት ከብዙ ሐያስያን የጠራ ነበር። በመጋቢት 1937፣ በአዲስ አበባ የቦምብ ጥቃት ከቆሰለ ከሳምንታት በኋላ፣ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ብቻ ሳይሆኑ እየዞሩ የሚዘፍኑና ታሪክ የሚተርኩ ሰዎችም ይገኙበታል። በሰምና ወርቅ የሚናገር አዝማሪ ጠመንጃ ካነገተ ሰው ባልተናነሰ ሁኔታ አስግቷቸዋል።

አረንጓዴው ፈረስና «የኢትዮጵያ ኬክ»

ወደ ቤኒኚ ፊልም እንመለስ። ፊልሙ ለሁለት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ኮሜዲ ነው፤ ጊዜው የ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ቦታው የቱስካኒ ከተማ አሬዞ ነው። ጉዶ የሚባል ለፍላፊ አስተናጋጅ ዶራ የምትባል መምህርት ይወዳል፤ እርሷ ግን ለፋሺስት ሹም ታጭታለች። በሁለተኛው አጋማሽ ጉዶና ልጃቸው ጆዙዌ ወደ ካምፕ ይወሰዳሉ። ዶራ አይሁዳዊት ባትሆንም በራሷ ፈቃድ ባቡሩ ላይ ትሳፈራለች።

የፊልሙ እጅግ ዝነኛ ትዕይንት የካምፑ ወታደር ሕጎቹን በጀርመንኛ ሲያነብ የሚታይበት ነው። አስተርጓሚ ሲጠየቅ፣ ጀርመንኛ የማይችለው ጉዶ እጁን አውጥቶ ይቆማል። ወታደሩ ስለ ቅጣትና ስለ ግድያ ሲያስጠነቅቅ ጉዶ ለልጁ ሲል ሁሉንም ወደ ጨዋታ ሕግ ይለውጠዋል፤ አንድ ሺህ ነጥብ ያገኘ እውነተኛ ታንክ ይሸለማል፣ ያለቀሰና እናቱን የፈለገ ነጥብ ይቀነስበታል። ተመልካቹ ይስቃል። ክፍሉ ውስጥ የቆሙት እስረኞች ግን አይስቁም፤ የወታደሩን ቃል ባይሰሙትም ፊቱን ያያሉ። ይህን ትዕይንት በጥሞና ያየ ሰው ቀልዱ በእስረኞቹ ላይ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ቀልዱ አንድ አባት በእጁ የቀረው ብቸኛ ነገር ነው።

ቤኒኚ ታሪኩን ከአየር ላይ አላመጣውም። አባቱ ሉዊጂ ቤኒኚ ከ1943 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ በናዚ የጉልበት ሥራ ካምፕ አሳልፏል፤ አይሁዳዊ ግን አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ያየውን ለልጆቹ ሲነግር እንዳይሸበሩ ቀልድ ይጨምርበት እንደነበር ቤኒኚ ተናግሯል። ለፊልሙም በሚላን ከሚገኘው የአይሁዶች ዘመናዊ ታሪክ ሰነድ ማዕከል ምክር ወስዷል።

ብዙ ሐያስያን ሁለተኛውን አጋማሽ ሲከራከሩበት ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ነገር የሚገኘው ግን በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። በዶራ የመታጨት ግብዣ ላይ፣ በትልቁ ሆቴል አዳራሽ፣ የከተማው መኳንንት በተሰበሰቡበት አንድ ግዙፍ ኬክ በክብር ይቀርባል። «የኢትዮጵያ ኬክ» ይባላል። እንግዶቹ ያደንቃሉ፤ ያጨበጭባሉ። ወዲያው ጉዶ፣ ፋሺስቶች አረንጓዴ ቀለም ቀብተው «የአይሁድ ፈረስ» ብለው የጻፉበትን የአጎቱን ፈረስ ተቀምጦ ወደ አዳራሹ ይገባል፤ ዶራንም ይዟት ይወጣል።

የፈረሱ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ኬኩ ግን በአብዛኛው ተመልካች ዓይን ሳይታይ ያልፋል። ቤኒኚ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በ1936 ሙሶሊኒ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ማወጁን ተከትሎ ኢትዮጵያ በጣሊያን የመዝናኛ ዓለም ውስጥ የዘፈን ርዕስ፣ የካርታ ጨዋታና የሆቴል ጌጥ ሆና ነበር። አንድ አገር ተወግታ፣ ጋዝ ተረጭቶባት፣ ከዚያ በክሬም ተሠርታ በሰፌድ ትቀርባለች። ያ ትዕይንት ቀልድ ከሆነ፣ ቀልዱ በአጨብጫቢዎቹ ላይ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ስለ ኬኩ ሌላ ቃል አይናገርም፤ የሚላኑም ሆነ የኒው ዮርኩ ተመልካች ምን እንደቀረበ ሳይገባው በፈረሱ ይስቃል።

ማን ተቆጣ፣ ማን ተሟገተ

ከፊልሙ ጠንካራ ነቃፊዎች አንዱ የኒው ዮርከር መጽሔት ሐያሲ ዴቪድ ደንቢ ነበር። በእርሱ አመለካከት ፊልሙ በደግነት የተሸፈነ የሆሎኮስት ክህደት ነው፤ ምክንያቱም በእውነተኛው ካምፕ ውስጥ አንድ ሕፃን ተደብቆ፣ አባቱም በድምፅ ማጉያ ፍቅሩን እየገለጸ ሊኖር አይችልም ነበር። ይህ ነቀፋ ክብደት አለው። እንደ አውሽቪትዝ ባሉ ካምፖች የጆዙዌ ዕድሜ ያላቸው ልጆች አብዛኞቹ በደረሱበት ቀን ወደ ጋዝ ክፍል ተወስደዋል።

ይበልጥ የሚገርመው የሜል ብሩክስ ተቃውሞ ነው። ብሩክስ አይሁዳዊ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሏል፤ ሂትለርን የሙዚቃና የጭፈራ ድራማ ርዕስ ያደረገውን «ዘ ፕሮዲውሰርስ» የተሰኘ ፊልም ሠርቶ ኦስካር የወሰደም እርሱው ነው። ከሁሉም ሰው በላይ ቤኒኚን ሊደግፍ የሚገባው ይመስላል። በ2006 ለጀርመኑ ዴር ሽፒገል መጽሔት በሰጠው ቃለ መጠይቅ ግን ፊልሙን ክፉኛ ተችቷል። የእርሱ መስመር እዚህ ላይ ነው፤ በሂትለር መሳቅ ይቻላል፣ ግዴታም ነው፤ የማጎሪያ ካምፑ ግን የቀልድ ስፍራ አይደለም። በገዳዩ ላይ መሳቅና ግድያው በተፈጸመበት ቦታ ላይ መሳቅ ለእርሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሌላ በኩል ሀንጋሪያዊው ደራሲ ኢምሬ ከርቴስ ነበር። በ14 ዓመቱ ወደ አውሽቪትዝ ተወስዷል፤ ከዚያ ወደ ቡኸንቫልድ ተዛውሯል፤ በ2002 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብሏል። ከርቴስ «አውሽቪትዝ የማን ነው?» በተሰኘ ጽሑፉ የቤኒኚን ፊልም ተከላክሎ፣ ብዙዎች የሚያከብሩትን የስቲቨን ስፒልበርግን «ሺንድለርስ ሊስት» ነቀፈ። ለእርሱ እውነትን የሚወስነው የካምፑ በር ትክክለኛ መጠን ወይም የልብሱ ቀለም አይደለም፤ የታሪኩ መንፈስ ነው። የስፒልበርግ ፊልም መጨረሻ ላይ ሰብአዊነት ያለ ቁስል እንደተረፈ አድርጎ ያሳያል ብሎ ያምናል። ኮሜዲው አባቱን ይገድላል፤ ቁም ነገረኛው ድራማ ግን ያጽናናል። የትኛው ነው እንግዲህ ቀላል የሆነው?

እዚህ ላይ በአገራችን የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚታየውን ልማድ ማስታወስ አይከፋም። በመጀመሪያው ቀን ማንም አይስቅም። ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ካርታ ይጫወታል፤ የሟች ጠባይ እየተነሳ ይቀለዳል፤ እናቲቱም እንባዋን ሳታደርቅ ፈገግ ትላለች። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ይሁንና የመጀመሪያውን ቀልድ የሚናገረው ዘመድ ነው፤ ሩቅ ሰው ከእርሱ ቀድሞ ቢናገረው ድንኳኑ ዝም ይላል። የቤኒኚ ተቺዎች በቀልዱ ይዘት ብቻ አልተቆጡም፤ ሟቹ ዘመዱ መሆኑን ይጠይቁ ነበር። በ2019 «ጆጆ ራቢት» በተሰኘ ፊልሙ ራሱ ሂትለርን ሆኖ የተጫወተው ኒው ዚላንዳዊው ታይካ ዋይቲቲ በእናቱ በኩል አይሁዳዊ መሆኑን በየቃለ መጠይቁ የሚያነሳው ለዚህ ይመስላል።

የራሱ ጥፋት አስቂኝ ሲሆን

ዝምድናው ከተገላቢጦሹ ሲሆን፣ ማለትም ቀልደኛው የተጎጂው ሳይሆን የአጥቂው ልጅ ሲሆን፣ ጥያቄው ይከብዳል። ለዚህ ከጣሊያን የተሻለ ምሳሌ የለም።

በ1991 የወጣው የጋብሪኤሌ ሳልቫቶሬስ «ሜዲቴራኔዮ» በ1941 አንዲት ትንሽ የግሪክ ደሴት እንዲይዙ ስለተላኩ ስምንት የጣሊያን ወታደሮች ይተርካል። ሬዲዮናቸው ይሰበራል፤ ዓለም ይረሳቸዋል። ኳስ ይጫወታሉ፣ ያፈቅራሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሥዕል ያድሳሉ። ፊልሙ በ1992 የውጭ ቋንቋ ምርጥ ፊልም ኦስካርን ወስዷል። ሲታይ ደስ ይላል፤ መካድ አይቻልም።

እውነተኛው የጣሊያን ወረራ በግሪክ ግን ሌላ ነበር። በየካቲት 1943 በቴሳሊያ በምትገኘው ዶሜኒኮ መንደር የጣሊያን ወታደሮች ከ150 የማያንሱ ሰዎችን ገድለዋል። ከዚያ በፊት ሊቢያ ነበረች፤ ኢትዮጵያ ነበረች። የጣሊያን ታሪክ ጸሐፊዎች «ጣሊያኖች ደጎች ናቸው» ብለው የሚጠሩት አፈ ታሪክ አለ፤ ጀርመኖች ጨካኞች፣ ጣሊያኖች ግን ሳይፈልጉ ጦርነት ውስጥ የገቡ፣ ማንዶሊን የሚጫወቱ፣ ልበ ለስላሳ ሞኞች ናቸው ይላል። እንዲህ ያለውን አፈ ታሪክ ለማቆየት ከሐሰት ሰነድ ይልቅ ጥሩ ኮሜዲ ይበልጣል፤ ሰነድን መሞገት ይቻላል፣ ከሚያስቅና ከሚወደድ ወታደር ጋር መሟገት ግን ያስቸግራል።

ከዚህ ጋር ሌላ ፊልም ማስተያየት ያስፈልጋል። በ1981 ሙስጠፋ አቃድ «ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት» የተሰኘውን ፊልም አወጣ። አንቶኒ ኩዊን የሊቢያውን ተጋዳይ ዑመር ሙኽታርን፣ ኦሊቨር ሪድ ደግሞ ግራዚያኒን ሆነው ይጫወታሉ። ገንዘቡን ያወጣው የጋዳፊ መንግሥት መሆኑ ፊልሙን ያለ ጥርጥር ጎድቶታል፤ በውስጡ የሚታዩት የማጎሪያ ካምፖችና የአደባባይ ስቅላት ግን በታሪክ የተረጋገጡ ናቸው። ቀልድ የለበትም። የጣሊያን መንግሥት በ1982 የጦር ሠራዊቱን ክብር የሚነካ ነው በሚል ከለከለው። በጣሊያን ቴሌቪዥን የታየው በ2009 ጋዳፊ ሮምን ሲጎበኝ ነው፤ ከ27 ዓመት በኋላ። የሚያስቀው ወታደር ተሸለመ፤ የሚገድለው ወታደር ታገደ።

ይህ የሲኒማ ወሬ ብቻ አይደለም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ከስድሳ ዓመት በኋላ። ግራዚያኒ ከጦርነቱ በኋላ የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ባደረገው አይደለም፤ እስር ቤትም ለረጅም ጊዜ አልቆየም። በ2012 በሮም አቅራቢያ ባለችው አፊሌ ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ወታደሮች የሚያውቀውን ከሲኒማ የሚማር ከሆነ፣ ሲኒማው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያስቅ መኖሩ ውጤት አለው።

ኢዲ አሚን፣ ካሜራውና የሚስቀው ዓለም

ምሥራቅ አፍሪካ የራሷ ምሳሌ አላት። ከ1971 እስከ 1979 ኡጋንዳን የገዛው ኢዲ አሚን በለንደንና በኒው ዮርክ መጽሔቶች ዘንድ የማይነጥፍ የቀልድ ምንጭ ነበር። ለራሱ «የእንግሊዝ ግዛት ድል አድራጊ» የሚል ማዕረግ ሰጠ፤ ለመሪዎች አስገራሚ ቴሌግራም ይልክ ነበር። እንግሊዛዊው ቀልደኛ አላን ኮረን በአሚን አነጋገር ፌዝ የጻፋቸውን ጽሑፎች በ1974 በመጽሐፍ አሳትሞ ብዙ ሸጧል። በዚያው ጊዜ አቾሊና ላንጊ ወታደሮች በሰፈራቸው ይረሸኑ ነበር፤ በስምንቱ ዓመታት የተገደሉት ሰዎች ቁጥር በመቶ ሺዎች እንደሚቆጠር ይገመታል።

በዚያው በ1974 ባርቤ ሽሮደር ስለ አሚን የሠራው ዘጋቢ ፊልም ከዚህ ይለያል። ሽሮደር ካሜራውን ለአሚን ለቀቀለት፤ አሚን ይዋኛል፣ ይጨፍራል፣ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ እስራኤልን ስለሚወርበት ዕቅድ በደረቅ መስክ ላይ ልምምድ ያሳያል። ተመልካቹ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ከዚያ የካቢኔ ስብሰባ ይመጣል። አሚን ሚኒስትሮቹን ይመክራል፣ ይቆጣል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ይወቅሳል። ሚኒስትሮቹ እንደ ተማሪ ማስታወሻ ይይዛሉ። ተራኪው በእርጋታ ሚኒስትሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ አባይ ወንዝ ውስጥ ሬሳቸው መገኘቱን ይናገራል። ሚካኤል ኦንዶጋ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አሚን ሲስቅ ማንም አብሮት አይስቅም።

አሚን ፊልሙን ሲያይ የተወሰኑ ትዕይንቶች እንዲቆረጡ ጠየቀ፤ ሽሮደር እምቢ ሲል ካምፓላ የነበሩትን ፈረንሳውያን በሆቴል አግቶ የስልክ ቁጥሩን ሰጣቸው። ቁርጦቹ ተደረጉ፤ አሚን ከወደቀ በኋላ ተመለሱ። የኮረን ቀልድና የሽሮደር ፊልም የሚያስቁት በአንድ ሰው ነው። ልዩነቱ አንዱ አንባቢውን እየሳቀ ወደ ቤቱ ሲሸኘው ሌላው ግን በሳቀው እንዲያፍር ማድረጉ ነው።

ሩዋንዳ፦ ቀልዱ የቀደመበት እልቂት

በቀልድ የሚተረክ እልቂት እንዳለ ሁሉ በቀልድ የተዘጋጀም አለ። በሐምሌ 1993 ኪጋሊ ውስጥ ሥርጭት የጀመረው ኤርቴኤልኤም ሬዲዮ ከመንግሥት ጣቢያ ይልቅ የተወደደው ዘመናዊ ሙዚቃ ስለሚያሰማና አዘጋጆቹ እንደ መጠጥ ቤት ጨዋታ እየተሳሳቁ ስለሚያወሩ ነበር። ከሚያዝያ 1994 በኋላ ያው ድምፅ፣ በያው ፌዝ፣ የሚገደሉትን ሰዎች ስም ያነብ ነበር። በመቶ ቀናት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት እንደሚለው 800 ሺህ ገደማ፣ የሩዋንዳ መንግሥት እንደሚለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተገድለዋል። አሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2003 የሬዲዮውን መሥራቾችና የካንጉራ ጋዜጣን አዘጋጅ ጥፋተኛ ብሏል።

ሩዋንዳ በ2008 ያወጣችው የዘር ማጥፋት ርዕዮትን የሚከለክል ሕግ ከሚዘረዝራቸው ድርጊቶች መካከል በሰው መከራ መሳቅና ማፌዝ ይገኙበታል። የመብት ተሟጋቾች ሕጉ ሰፊና ግልጽ ያልሆነ ነው ብለው ነቅፈውታል፤ በኋላም በ2013 እና በ2018 ተሻሽሏል። ነቀፋው ትክክል ነው፤ ሳቅን የሚዳኝ ዓቃቤ ሕግ አደገኛ ነው። ሆኖም ሕግ አውጪዎቹ ከየት እንደተነሱ ለመረዳት የዚያን ሬዲዮ ቅጂ ጥቂት ደቂቃ መስማት ይበቃል። ለሩዋንዳዊ ተመልካች «ሳቅ ሁልጊዜ ነፃ ያወጣል» የሚለው የአውሮፓ ሐያስያን አባባል ባዶ ቃል ነው።

ሩሲያ በበኩሏ በጥር 2018 ስለ ስታሊን ሞት የሚያፌዘውን የአርማንዶ ያኑቺን ፊልም ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈቃዱን ሰርዛለች። ሁለቱ ክልከላዎች አንድ አይደሉም፤ አንዱ የተጎጂን፣ ሌላው የመንግሥትን ክብር ለመጠበቅ የወጣ ነው። ወደ ሥራ ሲተረጎሙ ግን ድንበሩ ይደበዝዛል።

ስለ ሩዋንዳ የተነገረ አንድ ዝነኛ የፊልም ቀልድ አለ፤ የተነገረውም ቦስኒያ ውስጥ ነው። በ2001 በወጣው የዳኒስ ታኖቪች «ኖ ማንስ ላንድ» ምሽግ ውስጥ የተቀመጠ ቦስኒያዊ ወታደር ጋዜጣ ያነባል፤ ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ሩዋንዳ ውስጥ ያለው ትርምስ እንዴት የከፋ ነው ይላል። በራሱ አገር ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። ታኖቪች በሳራዬቮ ከበባ ወቅት ለቦስኒያ ጦር ሲቀርጽ የነበረ ሰው ነው፤ ቀልዱ ሩዋንዳን አያናንቅም። ጋዜጣ አንባቢው ዓለም ስለ ሁለቱም የሚያስበውን ነው የሚያሳየው። ፊልሙ የሚያበቃው አንድ ሰው በፈንጂ ላይ ተጋድሞ፣ ጋዜጠኞችና የሰላም አስከባሪዎች ሁሉም ነገር እንደተጠናቀቀ አስመስለው ሲሄዱ ነው። ሰውየው በሕይወት አለ፤ መንቀሳቀስ ግን አይችልም። እስከዚያ ድረስ ሲስቅ የነበረው ተመልካች ከእርሱ ጋር ብቻውን ይቀራል።

ከመንደሩ ባቡር እስከ ሱዳን በረሃ

ከቤኒኚ ፊልም ጋር በተቀራራቢ ጊዜ ሌላ ፊልም ወጥቶ ነበር፤ የታየው ግን በጣም ባነሰ ሕዝብ ነው። ሮማኒያ ተወልዶ ፈረንሳይ የሚሠራው አይሁዳዊ ራዱ ሚሃይሊያኑ በ1998 «የሕይወት ባቡር» የተሰኘውን ፊልም አቀረበ። የአንዲት የምሥራቅ አውሮፓ መንደር አይሁዶች ናዚዎች ሳይመጡባቸው ራሳቸው የሐሰት ማጋዣ ባቡር ይሠራሉ፤ ግማሾቻቸው የናዚ ልብስ ለብሰው ሌሎቹን «አስረው» ወደ ነፃነት ይጓዛሉ። ከዳር እስከ ዳር ያስቃል። በመጨረሻው ቅጽበት ግን ተራኪው፣ የመንደሩ ቂል ሽሎሞ፣ ፊቱ ብቻ ሲታይ ይቆይና ካሜራው ወደ ኋላ ሲሸሽ ከእሾህ ሽቦ ጀርባ በእስረኛ ልብስ ቆሞ ይገኛል። ባቡሩ ተረት ነበር።

ይኸው ዳይሬክተር በ2005 ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ መጣ። በአማርኛ፣ በዕብራይስጥና በፈረንሳይኛ የሚነገረው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የተሰኘው ፊልሙ በ1984 ሱዳን ከነበረው የስደተኞች ጣቢያ ይጀምራል። አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከረሃብ ለማትረፍ ስትል ልጁ የሞተባት አንዲት ቤተ እስራኤላዊት እንድትወስደው ትልከዋለች። ልጁ በዘመቻ ሙሴ አውሮፕላን እስራኤል ይገባል፤ ሽሎሞ ይባላል፤ የሌላ ሰው ስምና የሌላ ሕዝብ እምነት ተሸክሞ ያድጋል። ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት፣ በፈረንሳዩ ሴዛር ደግሞ የምርጥ ድርሰትን ሽልማት አግኝቷል።

በእውነተኛው ዘመቻ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ስምንት ሺህ ገደማ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወጥተዋል። በመንገድና በስደተኛ ጣቢያ አራት ሺህ ገደማ መሞታቸው ይነገራል። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ስፍራ አላቸው።

ከፊልሙ ትዕይንቶች አንዱ የሚፈጸመው ልጁ እስራኤል እንደደረሰ ነው። አዲስ የመጡት ልጆች ገላቸውን እንዲታጠቡ ወደ መታጠቢያ ቤት ይገባሉ። ሻወሩ ይከፈታል። ልጁ ውኃው ወደ ወለሉ ቀዳዳ ሲወርድ አይቶ በድንጋጤ ይንበረከካል፤ ቀዳዳውን በእጆቹ ለመድፈን ይታገላል፤ እየጮኸ ውኃው እንዳይሄድ ይለምናል። አሳዳጊዎቹ ምን እንደሆነ አይገባቸውም። በአውሮፓ ሲኒማ ቤት ለተቀመጠ ሰው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች የገጠር ልጅ ከቧንቧ ጋር የሚተዋወቅበት የታወቀ የቀልድ ትዕይንት ይመስላሉ፤ እንዲህ ያለ ትዕይንት በብዙ ኮሜዲ ውስጥ ታይቷል። ሱዳንን በእግሩ አቋርጦ የመጣ ሰው ግን ልጁ ምን እያየ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ ያውቃል።